የዓሣው ስምና የዓሣው ዘር

ዓሣ ከነራሱና ከነቅርፊቱ ገበያ ሲቀርብ ማንነቱን ለማወቅ አያስቸግርም። ቆሮሶና አምባዛ ለማንም አይምታቱም። ነገር ግን ራሱ ተቆርጦ፣ ቆዳው ተገፎና አጥንቱ ወጥቶ ሥጋው ብቻ ሲቀር ገዥው የሚተማመነው በሻጩ ቃልና በዕቃው ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ነው። በዚህም ተጠቅመው ርካሹን ዓሣ በውዱ ስም የሚሸጡ ነጋዴዎች በልዩ ልዩ አገሮች ተደርሶባቸዋል።

ማታለሉን ለማጋለጥ የሚያገለግለውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2003 ያቀረቡት በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፖል ሄበርትና ባልደረቦቻቸው ናቸው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። በዓሣው ሥጋ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል፣ በ4 ዓይነት «ፊደላት» የተጻፈ የዘር መልእክት ይገኛል። ከዚህም ውስጥ 650 ያህል ፊደላት ያሉት አንድ አጭር ክፍል ከዝርያ ወደ ዝርያ ይለያያል። ስለዚህ ከትንሽ ቁራጭ ሥጋ ላይ ይህ ክፍል ተነብቦ አስቀድሞ ከተመዘገቡት ዝርያዎች ጋር ይመሳከራል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለት የኒውዮርክ ተማሪዎች ከሱቆችና ከምግብ ቤቶች የሰበሰቡትን 60 ናሙና በዚህ ዘዴ አስመርምረው፣ ማንነታቸው ከታወቀው ውስጥ ሩብ ያህሉ በሐሰት ስም የተሸጡ ሆነው ተገኙ። «ነጭ ቱና» የተባለው አንዱ ቁራጭ የእኛው ቆሮሶ ዘመድ የሆነው የሞዛምቢክ ቲላፒያ ነበር። ኦሺያና የተባለው የባሕር ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት ደግሞ በአሜሪካ ከተመረመሩት 1,215 ናሙናዎች 33 በመቶው የስም ማጭበርበር ታይቶባቸዋል። ሬድ ስናፐር ተብለው ከተሸጡት 120 ናሙናዎች እውነተኞቹ 7 ብቻ ነበሩ።

በዚህ የሚጎዳው ገዥው ብቻ ሳይሆን አስጋሪውም ጭምር ነው። ርካሹ በውዱ ስም ሲሸጥ የእውነተኛው ዓሣ ዋጋ ይወርዳል፤ እየተመናመነ ያለውም ዝርያ ገበያው ላይ የሞላ ይመስላል።

ይሁን እንጂ ምርመራው ዝርያውን እንጂ ዓሣው ከየትኛው ሐይቅና መቼ እንደወጣ አይናገርም። ይህን ሊያረጋግጥ የሚችለው አስጋሪው ራሱ የያዘው መዝገብ ነው። በመሆኑም የማኅበራት መሪዎች ዓሣው ከጀልባ ሲወርድ ዝርያውን፣ ክብደቱን፣ ሐይቁንና ቀኑን ማስመዝገብ፣ ዝርያዎቹም በየሣጥናቸው ተለይተው እንዲቀመጡ ማድረግ ይኖርባቸዋል። የማኅበሩ ስም በገበያ የሚከበረው በሣጥኑ ላይ የተጻፈውና በውስጡ ያለው አንድ ሲሆን ነው።