ለዱቄት የሚሆን ደረቅ ቤት

በቴምቢሳ ክረምቱ ደረቅ ነው። ዝናቡ የሚመጣው በሙቀቱ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ገደማ ሲሆን ከሰዓት በኋላ በመብረቅና በበረዶ ታጅቦ ይወርዳል። የአክስቴ ልጅ እዚህ ስፓዛ ሱቅ አለው። የሱቁ ካፒታል የተደረደረው ዱቄት፣ ስኳርና ሩዝ ነው፤ አንድ ረድፍ ጆንያ ከሥር ከረጠበ የወሩ ትርፍ ሄደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በጋውቴንግ ሕፃናት በተመረዘ ምግብ ከሞቱ በኋላ ደግሞ የስፓዛ ሱቆች በሙሉ እንዲመዘገቡ ታዘዘ። ምግብንና ጸረ ተባይን በአንድ ክፍል የሚያስቀምጥ ነጋዴ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ምን ይመልሳል? ስለዚህ ለምግብ ብቻ የሚሆን የእንጨት መጋዘን በጓሮው ልንሠራ ተነሣን።

ልኩን 2.4 በ3.2 ሜትር አደረግነው። በአገሪቱ የግንባታ ደንብ እስከ 10 ካሬ ሜትር የሆነ የዕቃ ቤት እንደ አነስተኛ ግንባታ ይታያል (የማዘጋጃ ቤቱን ፈቃድ ግን አያስቀርም)። ሌላም ጥቅም አለው፤ ማዕዘኑ ትክክል ከሆነ ከጥግ እስከ ጥግ ያለው ርቀት ልክ 4 ሜትር ይመጣል። በሁለቱም አቅጣጫ ለክተው 4 ካላገኙ ምስማር አይምቱ።

አናጺያችን የሆሳዕና ሰው፣ ዕድሜያቸው የገፋ ናቸው። «ጋሼ፣ እንደ አገር ቤት ቋሚውን ለምን አንቀብረውም?» አልኳቸው።

«የጭቃ ቤት መጀመሪያ የሚበሰብሰው የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

መልሱን ያውቁታል፤ ባህር ዛፉ መሬት የሚገባበት ቦታ ነው። እርጥበትም ምስጥም የሚጀምሩት ከዚያ ነው። ስለዚህ ወለሉን ከመሬት አነሣነው። በውሃ ልክ በተስተካከሉ ብሎኬቶች ላይ ሦስት ወፍራም አግዳሚዎች በርዝመቱ ተጋደሙ፤ በእንጨቱና በብሎኬቱ መካከል እርጥበት እንዳይወጣ ፕላስቲክ ገባ። በላያቸው 38 በ114 ሚሊ ሜትር የሆኑ ዘጠኝ ጣውላዎች በየ400 ሚሊ ሜትሩ ተሻገሩ። የመሐሉ አግዳሚ ትርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰማንያ ባለ 12.5 ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ከረጢት አንድ ቶን ነው፤ ያለ እሱ ወለሉ ይጎብጣል። ከላይ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ለበሰ።

እንጨት ሲገዙ ቀለሙን ብቻ አይዩ፤ ማኅተሙን ያንብቡ። በደቡብ አፍሪካ የታከመ እንጨት በደረጃ ይሸጣል። ኤች 2 ለቤት ውስጥ፣ ኤች 3 ከመሬት በላይ ሆኖ ለዝናብ ለተጋለጠ፣ ኤች 4 አፈር ለሚነካ ነው። ለወለሉ ኤች 3፣ ለግድግዳው ኤች 2 ወሰድን። በመጋዝ የተቆረጠውን ጫፍ መልሶ መድኃኒት መቀባት ያስፈልጋል። አረንጓዴው እንጨት አርሴኒክ ሊኖርበት ስለሚችል ቁርጥራጩን ለሥጋ መጥበሻ እንዳታነዱት፤ ልጆችም አይጫወቱበት።

የግድግዳው አሠራር ቀልጣፋ ነው። ከላይና ከታች አግዳሚ፣ በመካከል በየ400 ሚሊ ሜትሩ ቋሚ፤ እያንዳንዱ ቋሚ ከወለሉ ጣውላ በላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ወለሉ ላይ አስተኝተን ገጥመን አራት ሆነን አቆምነው። ከበሩ በላይ ሁለት ጣውላ ተደራርቦ ገባ። በየግድግዳው ሰያፍ ማገር መታን፤ አራት ማዕዘን ብቻውን በነፋስ ይዛነፋል፣ ሦስት ማዕዘን ግን አይዛነፍም። ቱንቢ ጥለን ቀጥ ማለቱን ካየን በኋላ ነው ጥጎቹን ያሰርነው።

ጥጎቹን ያሰርነው በምስማር ሳይሆን በብሎን ነው። ግቢው የአከራይ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2008 ከአሌክሳንድራ ተነሥቶ ከ60 በላይ ሰዎች የተገደሉበትን ጥቃት፣ የ2015ቱንና የ2019ኙንም እዚህ ያለ ነጋዴ አይረሳም። አራቱ ግድግዳዎች በአንድ መፍቻ ተፈትተው መኪና ላይ ይጫናሉ። መፍቻውን የአክስቴ ልጅ ከገንዘብ መሳቢያው ሥር አስቀምጦታል።