ጥንብ ባለበት አሞራ አይጠፋም

አሞራዎች ክንፋቸውን ዘርግተው ሰማይ ላይ ሲዞሩ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያላየ የለም። ገበሬ አሞራ ሲዞር ካየ «እዚያ ማዶ የሞተ ነገር አለ» ይላል። እውነቱን ነው። ነገር ግን አሞራ ምን እንደሚጠቅመን፣ መቼስ እንደሚጎዳን ብዙዎቻችን አስበንበት አናውቅም። እኛም ብንሆን የባዮሎጂ ተማሪዎች ሆነን ሳለ ከመጽሐፍ በቀር አናውቀውም ነበር። ባዮሎጂ ማለት ሕይወት ስላላቸው ነገሮች ሁሉ የሚያጠና ትምህርት ነው። አሞራን በደንብ ያወቅነው ግን ከክፍል ወጥተን በዓይናችን ባየነው ጊዜ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጧት ከመምህራችን ጋር አሥራ ሁለት ሆነን ከቦሌ ተነሳን። በእግራችን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጎሮ በኩል ሄድን። የአዲስ አበባ ቤቶች ከእርሻ ጋር በሚጎራበቱበት ቦታ ስንደርስ አንድ የሞተ አህያ ወንዝ ዳር ተጥሎ አገኘን። ሌሊት ጅብ ከፍሎ በልቶታል። ገና ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። በአጠገቡ ሁለት ውሾች ብቻ ነበሩ፤ አሞራ አንድም የለም።

«ታዲያ አሞራው የት አለ?» ብለን መምህራችንን ጠየቅን።

«ፀሐይ ትሙቅ፤ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ» አሉን።

ጠበቅን። ሦስት ሰዓት ገደማ አንድ ጥንብ አንሳ ከሩቅ መጣ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ተከተለ። አራት ሰዓት ሲሆን ሠላሳ አንድ ቆጠርን። ታዲያ እስከዚያ ድረስ ለምን ቆዩ? ነገሩ እንዲህ ነው። ጥንብ አንሳ ከባድ ወፍ ነው። ክንፉን እያርገበገበ ቀኑን ሙሉ ቢበር ይደክመዋል። ስለዚህ ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ ይጠብቃል። መሬት ሲሞቅ በላዩ ያለው አየር ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ደግሞ ከምድጃ ላይ እንደሚነሳ ጭስ ወደ ላይ ይወጣል። አሞራው በዚያ አየር ውስጥ ገብቶ እየዞረ፣ ክንፉን ሳያርገበግብ ወደ ላይ ይወጣል። ጥንቡን የሚያገኘው በሽታ አይደለም፤ በዓይኑ ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ከሩቅ ያየውና ይከተለዋል። ጎረቤት ሲሮጥ አይተን እንደምንሮጠው ማለት ነው።

እኛ እየቆጠርን ሳለን አንድ አውሮፕላን ጎማውን አውጥቶ፣ ዝቅ ብሎ ወደ ቦሌ መጣ። በድምፁ አሞራዎቹ ደንግጠው ተነሱ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። አውሮፕላኑ ግን በሰላም አለፈ።

«ወፍ አውሮፕላንን ምን ያደርገዋል?» ትሉ ይሆናል። እኛም ብለን ነበር። አውሮፕላን ሲያርፍም ሲነሳም በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። በዚያ ፍጥነት የሚመታው ወፍ እንደ ድንጋይ ነው። ወደ ሞተሩ ከገባ ደግሞ ሞተሩን ይሰብረዋል። በኅዳር 1966 ዓ.ም. በምዕራብ አፍሪካ፣ በአቢጃን ከተማ ሰማይ ላይ አንድ ጥንብ አንሳ ከ11,000 ሜትር በላይ ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። ከራስ ዳሽን ተራራ ከፍታ ሁለት እጥፍ ይበልጣል። አንዱ ሞተር ቢበላሽም አውሮፕላኑ በደኅና አረፈ። የዚህ ወፍ ዓይነት በአገራችንም አለ።

የባሰውም በአገራችን ደርሷል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነስቶ በባሕር ዳር በኩል ወደ አሥመራ ይሄድ ነበር። ከባሕር ዳር ሲነሳ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አውሮፕላኑ ሊመለስ ሲሞክር ሞተሮቹ ጠፉና ሜዳ ላይ ወደቀ፤ ተቃጠለም። ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። እንግዲህ ርግብ ይህን ካደረገች፣ ከርግብ ብዙ እጥፍ የሚከብደው ጥንብ አንሳ ምን ያደርጋል?

ይህን ስንነጋገር አንደኛው ጓደኛችን «እንግዲያው በጥንቡ ላይ መርዝ ቢደረግስ? አሞራው ያልቅና እናርፋለን» አለ። በአጠገባችን አንድ የአካባቢው ገበሬ፣ ሽማግሌ፣ ቆመው ያዳምጡን ነበር።

«ተው ልጄ» አሉት። «እኛም ሞክረነዋል። ጅቡ ጥጃ ጨረሰብንና በሥጋ ላይ መርዝ አደረግን። አንድ ጅብ ሞተ። ነገር ግን ሦስት ውሾቻችንም ሞቱ። አሞራውማ እዚያው ሜዳው ላይ ተረፈረፈ። ከዚያ ወዲያ ጥንቡ ሳይበላ ይከርማል፤ ሽታው አያድርስ! ዝንቡ፣ የባዕድ ውሻው ብዛት... ይኸው ስንት ዓመታችን።»

መምህራችን «አባባ እውነታቸውን ነው» ብለው የሕንድን አገር ታሪክ ነገሩን። በሕንድ አገር አሞራ በሚሊዮን ይቆጠር ነበር። ላም ስትሞት ሕዝቡ ከመንደር ውጪ ይጥላል፤ አሞራ ያጸዳል። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ግን አሞራው ማለቅ ጀመረ። በ15 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ከዋናዎቹ ዓይነቶች አንዱ ከ100ው 99ኙ በላይ አለቀ። ምክንያቱ ጠፍቶ ቆየ። በ1996 ዓ.ም. ግን ተደረሰበት፤ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ነበር። ለታመመ ከብት ይሰጣል፤ ከብቱ ሲሞት መድኃኒቱ በሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ ያንን የበላ አሞራ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞታል። አሞራው ሲጠፋ ጥንቡን የሚበሉ የባዕድ ውሾች በዙ። ውሻ ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ጨመረ። የሕንድ መንግሥት በ1998 ዓ.ም. መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለ።

አሞራ አንዴ ካለቀ ቶሎ አይተካም። ዶሮ በየቀኑ ትጥላለች፤ ጥንብ አንሳ ግን በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ነው የምትጥለው። ለመውለድም ብዙ ዓመት ይፈጅባታል። በአገራችን ካሉት ጥንብ አንሳዎች አራቱ ዓይነት ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከምድር ሊጠፉ ከተቃረቡት ወፎች መዝገብ ውስጥ ተጽፈዋል።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? የአሞራው አይደለም። አሞራ ጥንቡ ወዳለበት ይሄዳል እንጂ ቦታ አይመርጥም። ቦታ የሚመርጠው ሰው ነው። ስለዚህ ምን እናድርግ?

1ኛ. ከብት ወይም አህያ ሲሞትብን ወንዝ ዳር፣ መንገድ ዳርና አውሮፕላን በሚያርፍበት አካባቢ አንጣል። በከተማ አጠገብ ከሆንን እንቅበረው።

2ኛ. በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከአፉ ደም የሚወጣው ከብት አባ ሰንጋ የያዘው ሊሆን ይችላል። ቆዳውን አንግፈፍ፤ ሥጋውንም አንብላ። ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ቶሎ እንንገር። እንዲህ ያለው በጥልቅ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል፤ ለአሞራም ለውሻም አይተውም።

3ኛ. በጥንብ ላይ መርዝ አናድርግ። መርዝ ጠላትና ወዳጅ አይለይም። ጅብ ካስቸገረን በረታችንን አጥብቀን እንጠር።

4ኛ. ለከብት የሕመም ማስታገሻ ስንገዛ ዳይክሎፌናክ እንዳይሆን ባለሙያ እንጠይቅ። ሜሎክሲካም የተባለው ከብቱን ያክማል፤ አሞራውን አይጎዳም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ከአህያው የቀረው ቆዳና አጥንት ብቻ ነበር። ልንሄድ ስንል ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጆቼ፣ አህያው የኔ ነው» አሉ። «አሥራ አራት ዓመት አገልግሎኝ በእርጅና ሞተ። ያለቦታው የጣልኩትም እኔው ነኝ። ብቻዬን መቆፈር አቃተኝ።»

እኛም አፈርን፤ ሲወቀስ የነበረው ሰውዬ አጠገባችን ቆሞ ኖሯል። ከቤታቸው ሁለት ዶማና አንድ አካፋ አመጡ። ተራ በተራ ቆፈርን። መሬቱ ጠንካራ ነበር፤ ግን አሥራ ሁለት ሰው ሲቆፍር ጉድጓዱ ለማለቅ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ያኔ ገባን፤ ጥንብ መቅበር ለአንድ ሽማግሌ ከባድ ነው፤ ለመንደር ግን ቀላል ነው። በእናንተም መንደር እንዲሁ ነው።