በኅብረት የሚነበብ፣ ለብቻ የሚነበብ

አንድ ክፍል ሙሉ ሕፃናት ባንድ ድምፅ «ሀ ሁ ሂ» ሲሉ ከውጭ የሰማ ሰው፣ ሁሉም የሚያነቡ ይመስለዋል። አንዱ ግን ፊደሉን እያየ ይላል፤ ሌላው ዐይኑን መስኮት ላይ ተክሎ የጎረቤቱን ድምፅ ይከተላል።

የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ቀድሞ ነቅቶበታል። ልጁ በስንደዶ እየጠቆመ ፊደል ሲቆጥር ዜማው ቶሎ ይገባዋል፤ መሐል ላይ «ይህ ማነው?» ሲባል ግን ከ«ሀ» ጀምሮ ካልቆጠረ አይደርስበትም። መድኃኒቱ አቡጊዳ ነው። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲል አ ግዕዝ፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ እያለ ቤቱ በየፊደሉ ይለዋወጣል፤ የለመደው ዜማ አያድነውም። ከዚያ ወዲያ ነው መልእክተ ዮሐንስ፣ ቀጥሎም ዳዊት የሚመጣው።

በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተካሄደው የንባብ ምዘና ልጆቹን አንድ በአንድ አስቀምጦ አስነበበ። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም።

ታዲያ የኅብረት ንባብ ይቅር? አይቅር። የኒውዚላንዱ መምህር ዶን ሆልዳዌይ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስፋፋው ዘዴ ጥቅሙን ያሳያል። መምህሩ ከሩቅ የሚታይ ትልቅ መጽሐፍ ዘርግቶ ቃሉን እየጠቆመ ያነባል፤ ልጆቹም የቻሉትን ያህል ያግዙታል። ዐይን አፋሩ ልጅ ሳያፍር ድምፁን ያወጣል፤ ገና ብቻውን የማይዘልቀውን ታሪክም ከጓደኞቹ ጋር ያጣጥማል።

ለብቻ ማንበብም ቢሆን «መጽሐፍህን ይዘህ ዝም ብለህ አንብብ» ከማለት ያለፈ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የንባብ ጉባኤ ጥናቶችን መርምሮ፣ ልጅ አዋቂ እያረመው ጮክ ብሎ ደጋግሞ ሲያነብ ቅልጥፍናውም መረዳቱም እንደሚሻሻል አረጋግጧል። ያለ አራሚ በዝምታ ማንበብ ብቻውን ለውጥ እንደሚያመጣ ግን በቂ ማስረጃ አላገኘም። ለብቻ የሚያነብ ልጅም አድማጭ ይፈልጋል ማለት ነው።

ስድሳ ተማሪ የያዘ መምህር ይህን ከየት ያመጣዋል? ከኅብረት ንባቡ በኋላ ሌሎቹ ለየብቻ ሲያነቡ፣ በቀን አምስት ልጆች ጠርቶ ቢያዳምጥ በ12 የትምህርት ቀን ሁሉንም ያዳርሳል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ቀላል ነው። እናት አንድ ገጽ፣ ልጅ አንድ ገጽ እየተቀባበሉ ያንብቡ። ታሪኩን በቃሉ የያዘው ከመሰላችሁ መጽሐፉን መሐል ላይ ገልጣችሁ አንዲት መስመር አስነብቡት፤ ከተሳነውም ሳትቆጡት አብራችሁት አንብቡና እንደገና ለብቻው ይሞክር።