የፖላንድን ታሪክ የጻፉት እንግሊዛዊ

አንባቢ ሆይ፤ የአንድ አገር ታሪክ በዚያው አገር ተወላጅ እጅ ቢጻፍ ደግ ነው ትሉ ይኾናል። እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ሕዝብ የገዛ ታሪኩን በገዛ አገሩ በግልጥ እንዳይናገር በተከለከለ ጊዜ ማን ይጻፍለት? እንግሊዛዊው የታሪክ ሊቅ ፕሮፌሰር ኖርማን ዴቪስ ለዚህ ጥያቄ በሥራቸው መልስ ከሰጡት ሰዎች አንዱ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ዴቪስ በ1939 ዓ.ም. በሰሜን እንግሊዝ፤ በጥጥ ፋብሪካዎቿ በታወቀችው በቦልተን ከተማ ተወለዱ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ፤ በሞድሊን ኮሌጅ ታሪክ ሲያጠኑ ስመ ጥሩው ኤ. ጄ. ፒ. ቴይለር አስተምረዋቸዋል። ከዚያ በኋላ አሳባቸው ወደ ሶቪየት ኅብረት ኼደው ለዶክተርነት መማር ነበር። ሶቪየቶች ግን ቪዛ ከለከሏቸው። ወጣቱ ተማሪ በዚህ ተስፋ ሳይቈርጡ ወደ ፖላንድ፤ ወደ ክራኮቭ ከተማ ኼዱ። የዕድሜ ልክ ሥራቸው የተጀመረው በዚህ ክልከላ ነው።

የገቡበት ዩኒቨርሲቲ ያጊየሎን ይባላል። የተመሠረተው በ1364 ዓ.ም. ስለ ኾነ በአውሮፓ ካሉት ጥንታውያን የትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። በኅዳር ወር 1939 ዓ.ም. ናዚዎች የክራኮቭን መምህራን ለስብሰባ ብለው ጠርተው ከ180 በላይ ሰዎች ያዙ፤ ከነዚህም አብዛኞቹን ወደ ጀርመን የእስር ሰፈር ወሰዷቸው። ዕውቀት እንዲህ ያለ ዋጋ በተከፈለበት ቤት መማር ለታሪክ ተማሪ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

የፖላንድን ያለፈ ዘመን ባጭሩ እናስታውሳችሁ። ሩስያ፤ ፕሩስያና ኦስትሪያ አገሪቱን በ1772፤ በ1793ና በ1795 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ ቈራርሰው ተካፈሏት። ስሟ ለ123 ዓመት ከአውሮፓ ካርታ ጠፍቶ ቈየ። በ1918 ዓ.ም. ነጻ በወጣች ማግሥት ደግሞ ከሶቪየት ሩስያ ጋራ ጦርነት ገጠመች። በነሐሴ 1920 ዓ.ም. ቀይ ጦር እስከ ዋርሶ በር ደርሶ ሳለ በፒውሱድስኪ የሚመራው የፖላንድ ጦር መትቶ መለሰው።

ዴቪስ ሊመረምሩት የፈለጉት ይህንኑ ጦርነት ነበር። ይኹን እንጂ በዚያን ጊዜ በፖላንድ ሥልጣን የያዘው ኮሙኒስት መንግሥት የሞስኮ ወዳጅ ስለ ነበረ የዚህ ጦርነት ነገር እንዲነሣ አይወድም። ስለዚህ የዶክተርነት ድርሰታቸውን በጦርነቱ ስም ሊጠሩት አልቻሉም፤ እንግሊዝ በ1919ና በ1920 ዓ.ም. ስለ ፖላንድ የነበራትን የውጭ ፖለቲካ የሚመለከት ርእስ ሰጡት። ርእሱ ተለወጠ፤ ምርመራው ግን ቀጠለ። በ1972 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የጦርነቱን ታሪክ «ነጭ ንስር፤ ቀይ ኮከብ» ብለው በግልጥ አሳተሙት። ነጩ ንስር የፖላንድ፤ ቀዩ ኮከብ የሶቪየት ጦር ምልክት ነው። መቅድሙን የጻፉላቸው የቀድሞ አስተማሪያቸው ቴይለር ናቸው።

ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በለንደን ዩኒቨርሲቲ የፖላንድን ታሪክ አስተማሩ፤ ከ1985 እስከ 1996 ዓ.ም. ፕሮፌሰር ነበሩ። በ1981 ዓ.ም. «የእግዚአብሔር መጫወቻ» የተባለው ኹለት ቅጽ ታላቅ መጽሐፋቸው ወጣ። በ1980 ዓ.ም. በፖላንድ የሠራተኞች ማኅበር የኾነው «ሶሊዳርኖሽች» ተነሥቶ፤ በታኅሣሥ 1981 ዓ.ም. ደግሞ የጦር አገዛዝ ታውጆ ስለ ነበር ዓለም ስለዚያ አገር ለማወቅ ይሻ ነበር። በ1984 ዓ.ም. ባወጡት «የአውሮፓ ልብ» ደግሞ ታሪኩን ከዛሬ ጀምረው ወደ ኋላ ተረኩት። ሐኪም በሽተኛውን አስቀድሞ «ዛሬ ምን ይሰማሃል?» ብሎ፤ ቀጥሎ የሕመሙን መነሻ ወደ ኋላ እየተከተለ እንደሚጠይቀው መኾኑ ነው።

መንገዳቸው ግን ኹሉ አልጋ ባልጋ አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቋሚ መምህርነታቸው በታሪክ ክፍሉ ድምፅ ተሰጥቶበት፤ 11 ሰዎች ሲደግፉ 12 ተቃወሙና በአንድ ድምፅ ቀረ። አንዳንድ ነቃፊዎች ለፖላንድ አድልተዋል፤ አይሁድ በዚያ አገር የደረሰባቸውንም መከራ አቅልለዋል ይሉ ነበር፤ ዴቪስና ደጋፊዎቻቸው ይህን አይቀበሉም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስም አልተሳካላቸውም። ከዚህ ላይ ልብ በሉ፤ አንድን ሕዝብ አጥብቆ የሚወድ የታሪክ ጸሐፊ የሕዝቡን ጥፋት እንደ በጎ ሥራው አስተካክሎ ሊመዝን ግዴታ አለበት። የታሪክ ሰው ፈተና ዋናው ይኸው ነው።

በ1989 ዓ.ም. ኮሙኒስቱ አገዛዝ ከወደቀ በኋላ «የእግዚአብሔር መጫወቻ» በፖላንድ ያለ ሥውር ታተመ። ዴቪስም በ1996 ዓ.ም. የመላውን አውሮፓ ታሪክ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ጻፉ፤ ምሥራቁን ክፍል ትቶ ስለ አውሮፓ መናገር ጐዶሎ መኾኑንም አስረዱ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በ1944 ዓ.ም. ዋርሶ በናዚዎች ላይ ተነሥታ 63 ቀን የተዋጋችበትን ታሪክ አወጡ። በዚህም መጽሐፍ የእንግሊዝ አንባቢ በከባዱ የፖሎኞች ስም እንዳይሰናከል ብዙዎቹን ስሞች አሳጥረው ጻፉ። ፖላንድ በ2012 ዓ.ም. ከፍተኛውን የነጭ ንስር ኒሻን ሸለመቻቸው፤ በ2014 ዓ.ም. ዜግነት ሰጠቻቸው።

እናንተ ተማሪዎች፤ ያሰባችሁት የትምህርት ክፍል በር ቢዘጋባችሁ የሌላውን በር አንኳኩ፤ የገባችሁበትንም ቤት ቋንቋ ጠንቅቃችሁ ተማሩ። እናንተም በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የምትመዘግቡ ወጣቶች፤ ዛሬ በጥንቃቄ ያስቀመጣችሁት ወረቀት ነገ ለመርማሪ ምስክር ሊኾን ይችላል። የዋርሶ ጦርነት ታሪክ በርእስ ለውጥ ተሸፍኖ ጥቂት ዓመት ቢቈይም ወረቀቱ ስላልጠፋ ተገልጧል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይህ ነው።