ዳታው የሚሰቃየውን ሰው ያሳያል፤ ከዚያ በኋላስ?

አንድ ሰው በዓመት አምስት ስድስቴ ሆስፒታል የሚገባው ሕመሙ ስለከበደ ብቻ ነው? የአሜሪካዋ ከተማ ካምደን ታሪክ ሌላም ነገር ያሳያል።

ካምደን ኒው ጀርሲ ግዛት ውስጥ፣ ከፊላደልፊያ ወንዝ ማዶ ያለች ድህነት የበረታባት ከተማ ናት። እዚያ ይሠራ የነበረው ሐኪም ጄፍሪ ብሬነር የከተማዋን ሆስፒታሎች የክፍያ መዝገብ ሰብስቦ ታካሚዎቹ የት እንደሚኖሩ በካርታ ላይ አስቀመጠ። ያገኘው ይሄን ነው፦

▪️ ከታካሚዎቹ 1 በመቶ የሚሆኑት ከሕክምና ወጪው 30 በመቶውን ይይዛሉ።
▪️ ሁለት ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ 900 ያህል ሰዎች ከ2002 እስከ 2008 (እ.ኤ.አ.) ከ4,000 ጊዜ በላይ ሆስፒታል ተመላልሰዋል። ሂሳቡ 200 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ይታዘዝለታል፤ ማስቀመጫ ፍሪጅ ግን የለውም። ቀጠሮ ይሰጠዋል፤ የትራንስፖርት ብር የለውም። ካርዱ ላይ የሚጻፈው «ስኳሩ ከፍ ብሏል» ብቻ ነው። ጭራሽ «መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም» ተብሎ እሱው ይወቀሳል። ስለ ኑሮው ማንም ካልጠየቀው ሐኪሙ በምን ያውቃል?

በካምደን ነርሶችና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች ያሉበት ቡድን ተቋቋመ። ከሆስፒታል የወጡትን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ይጠይቃል፣ ሐኪም ጋ አብሯቸው ይሄዳል፣ የመንግሥት ድጋፍ እንዲያገኙ ፎርም ያስሞላል። ሥራው በመላው አሜሪካ ተወራለት።

ግን ይሠራል ወይ? ተመራማሪዎች 800 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሹ በቡድኑ ታገዘ፣ ግማሹ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኘ። ውጤቱ በጥር 2020 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። በስድስት ወር ውስጥ ተመልሰው ሆስፒታል የገቡት፦

▪️ ከታገዙት 62.3 በመቶ
▪️ ካልታገዙት 61.7 በመቶ

ልዩነት የለም ማለት ይቻላል!

የታገዙትን ብቻ በፊትና በኋላ ብታወዳድሩ ቁጥሩ በጣም የወረደ ይመስላል። ያልታገዙትም ግን በዚያው ልክ ወርዶላቸዋል። ሰዎቹ የተመረጡት በጣም በታመሙበት ሰዓት ስለነበር፣ ብዙዎቹ ቆይተው በራሳቸው ጊዜ ይሻላቸዋል። ስለዚህ «ፕሮግራማችን ይሄን ያህል ቀነሰ» ሲባል ስትሰሙ «ከማን ጋር ሲወዳደር?» በሉ።

ሁለተኛው ነገር፣ ቡድኑ ሰውን ከአገልግሎት ጋር ያገናኛል እንጂ አገልግሎቱን አይፈጥርም። በከተማው ርካሽ ቤት ከሌለ፣ ቤት የሌለውን ሰው የትኛው ቢሮ ትልኩታላችሁ?

ይሄ ማለት ዳታው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ችግሩ የት እንዳለ ያሳየው እሱ ነው፤ ሙከራው እንዳልሠራ የነገረንም እሱው ነው። የሚጎድለው ከጥያቄው በኋላ የሚመጣው ቤት፣ ምግብና ትራንስፖርት ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን፣ ክሊኒክ ስትሄዱ «ቤት ውስጥ ምግብ አልቆባችሁ ያውቃል?»፣ «መብራት ሊቆረጥባችሁ ነበር?» የሚል ፎርም ቢሰጧችሁ ምክንያቱ ይሄ ነው። ከሞላችሁት በኋላ ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ «እሺ፣ አሁን በዚህ ጉዳይ ማን ይረዳኛል?»

ፎርሙ ጥቅም የሚኖረው ለዚህ መልስ ሲኖር ነው።