መልእክቱ የሚገባበት በር

የፋሲል ግቢ አጥር 12 በሮች ነበሩት፤ ባልደራስ በር፣ እምቢልታ በር፣ እርግብ በር እየተባሉ በየስማቸው የሚጠሩ። ግቢው ድረስ መምጣት ብቻ አይበቃም፤ በሩንም ማወቅ ያስፈልጋል። ኮምፒውተሮች ሲነጋገሩም እንዲሁ ነው። ሰርቨሩን ግቢው በሉት፤ አንድ ዓይነት ጉዳይ የሚቀበልበት በሩ ደግሞ «ኤንድፖይንት» ይባላል።

ጎንደር ያለ አንድ ሆስፒታል ወርሃዊ ሪፖርቱን ከራሱ ሲስተም ጤና ሚኒስቴር ወደሚጠቀምበት፣ ዲኤችአይኤስ ቱ ወደተባለው የጤና መረጃ ሲስተም ይልካል እንበል። ሁለቱ ሲስተሞች አጻጻፋቸው ስለሚለያይ መሃል ገብቶ የሚያስተረጉም ሶፍትዌር ያስፈልጋል፤ ሚድልዌር የሚሉት እሱን ነው። የበሩን አድራሻ፣ የይለፍ ቃሉንና መልስ የሚጠብቅበትን ጊዜ እኛ እንሞላለታለን። ከአድራሻው አንዲት ፊደል ከተሳሳተች መልሱ 404 ነው፦ ግቢው አለ፣ በሩ የለም። የይለፍ ቃሉ ከተሳሳተ 401 ይመጣል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱም «ሲስተም የለም» ናቸው፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ 200 ነው፤ «ደርሷል» ማለት ነውና። በፈረንጆች ሴፕቴምበር 5 ቀን 2023 የታከመ የወባ በሽተኛ በእኛ ነሐሴ 30 ቀን 2015 መመዝገብ አለበት። ሚድልዌሩ ከዓመቱ ብቻ 8 ቀንሶ የወሩን ቁጥር እንዳለ ቢልከውስ? 9ኛው ወር በእኛ ግንቦት ነው። በሩ ይከፈታል፣ ቁጥሩ ይገባል፣ ክረምት መውጫ ላይ የታየው ወባ በግንቦት ይቆጠራል። ለቆላው ወረዳ አጎበርና መድኃኒት የሚቀርበው በዚህ ቁጥር ተሰልቶ ስለሆነ ስህተቱ ወረቀት ላይ አይቀርም። ቀኑን በልማድ መቀነስም አያዋጣም፦ የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ውሏል፣ የ2017ቱ ግን ሴፕቴምበር 11። ጷጉሜን 6 የምትሆንበትን ዓመት ሚድልዌሩ ማወቅ አለበት።

ኔትወርክ ደግሞ አለ። መስመሩ ሲቋረጥ ሚድልዌሩ መልስ ያለማብቂያ እየጠበቀ ከቆመ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ 30 ሰከንድ ጠብቆ መልእክቱን ወረፋ ውስጥ ያስቀምጥና ቆይቶ ደግሞ ይልካል። ለሪፖርት ይህ ችግር የለውም፤ የዚያው ተቋም የዚያው ወር ቁጥር ሁለቴ ቢላክ ኋለኛው የፊተኛውን ይተካዋል እንጂ አይደመርም። የገንዘብ ዝውውር ቢሆን ግን እያንዳንዱ መልእክት የራሱ መለያ ቁጥር ከሌለው ከአንድ ሰው ሂሳብ ሁለት ጊዜ ሊቀነስ ይችላል።