ሥራ ሳይቋረጥ የሚተካው ዲስክ፦ የመረጃ ማከማቻዎች አደገኛ ሰዓት

በአንድ የመረጃ ማዕከል ውስጥ ከተደረደሩት ማሽኖች በአንዱ ላይ አረንጓዴ የነበረች ትንሽ መብራት ወደ ብርቱካንማ ትለወጣለች። ከሃርድ ዲስኮቹ አንዱ ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል። ገንዘብ የሚያስተላልፈው የባንክ ደንበኛም ሆነ ፎቶግራፉን የሚመለከተው ሰው ግን ያወቀው ነገር የለም። ባለሙያው የተበላሸውን ዲስክ ይነቅላል፤ አዲሱን በቦታው ይሰካል፤ ማሽኑ ለአፍታም አይጠፋም። ይህ ቀላል የሚመስል ተግባር መረጃው ይበልጥ ለአደጋ ከሚጋለጥባቸው ጊዜያት አንዱ ነው።

የዚህ አሠራር መሠረት እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ጥናት ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰን እና ራንዲ ካትዝ ከአንድ ውድና ትልቅ ዲስክ ይልቅ ርካሽ የሆኑ ብዙ ዲስኮችን ማቀናጀት እንደሚበጅ አስረዱ። አደረጃጀቱም «ሬይድ» ተባለ። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንዲሉ ነው። ይሁን እንጂ ዲስክ በበዛ ቁጥር ብልሽትም ይበዛል፤ ስለዚህ የጠፋውን መልሶ ለማግኘት የሚያስችል ተጨማሪ መረጃ አብሮ ይቀመጣል።

ስሌቱን በቀላል ምሳሌ መረዳት ይቻላል። በአንደኛው ዲስክ 3፣ በሁለተኛው 5 ቢጻፍ፣ በሦስተኛው ላይ ድምራቸው 8 ይሰፍራል። 5ን የያዘው ዲስክ ቢበላሽ፣ ከ8 ላይ 3 ሲቀነስ የጠፋው ቁጥር ይገኛል። ኮምፒውተሩ ይህን የሚሠራው በዜሮና በአንድ ቢሆንም መርሑ ተመሳሳይ ነው።

ዲስኮች የሚበላሹት አምራቾች ከሚገልጹት በላይ መሆኑም ታውቋል። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ቢያንካ ሽሮደር ከዚሁ ከጋርዝ ጊብሰን ጋር በ2007 ባቀረቡት፣ ወደ 100,000 የሚጠጉ ዲስኮችን በሸፈነ ጥናት፣ በአምራቾች መግለጫ መሠረት በዓመት ከ0.88 በመቶ መብለጥ ያልነበረበት የመተካት መጠን በተግባር ከ2 እስከ 4 በመቶ መድረሱ የተለመደ ሆኖ ተገኝቷል።

በመተካቱ ሂደት የመጀመሪያው አደጋ የሰው ስሕተት ነው። አንድ ብልሽት ብቻ በሚችል ማከማቻ ውስጥ ባለሙያው ተሳስቶ ጤነኛውን ዲስክ ቢነቅል አገልግሎቱ ወዲያው ይቆማል። በዚህ የተነሳ ጠንቃቃ ባለሙያ የዲስኩን መለያ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል፤ የሚነቀለውም ዲስክ ጠቋሚ መብራቱን እንዲያበራ አስቀድሞ ያዝዛል።

ሁለተኛው አደጋ ጊዜ ነው። አዲሱ ዲስክ ባዶ ስለሆነ ይዘቱ ከሌሎቹ ተሰልቶ እንደገና መጻፍ አለበት። 20 ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ በሰከንድ 250 ሜጋባይት ቢጻፍበት እንኳ ከ22 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ማሽኑ ደንበኞችን እያስተናገደ ከሆነም ቀናት ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሁሉ የቀሩት ዲስኮች ያለ ዕረፍት ይነበባሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ከሟቹ ጋር እኩል ያረጁ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ቢደገም መረጃው ይጠፋል። ትልልቅ ማከማቻዎች የሁለት ዲስኮችን ብልሽት በአንድ ጊዜ እንዲችሉ የሚደራጁት ለዚህ ነው።

አደረጃጀቱ የቆመው ዲስኮች ሁሉ በአንድ ቀን አይበላሹም በሚል ግምት ላይ ነው። ግምቱ ሊፈርስ እንደሚችል በኅዳር 2012 ዓ.ም. ታየ። ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ የተባለው ኩባንያ አንዳንድ የኤስኤስዲ ማከማቻዎቹ በውስጣቸው ባለው ፈርምዌር ስሕተት ምክንያት ልክ 32,768 ሰዓት ሲሠሩ እንደሚበላሹ፣ መረጃቸውም እንደማይመለስ አስጠነቀቀ። ይህም ሦስት ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ነው። በአንድ ቀን የተተከሉ ከሆኑ የሚበላሹትም በአንድ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ተጠባባቂ የሚሆን አይገኝም። መፍትሔው ሰዓቱ ሳይደርስ ፈርምዌሩን ማደስ ብቻ ነበር።

ይህ ለመረጃ ማዕከላት ብቻ የሚበጅ ትምህርት አይደለም። በሀገር ውስጥም ሆነ በውጭ የሚኖሩ በርካታ ቤተሰቦች የሠርግና የክርስትና ቪዲዮዎቻቸውን፣ ያለፉ ወላጆቻቸውን ፎቶግራፎች በዲስክ ያኖራሉ። አንዳንዶችም አንዱ የሌላው ግልባጭ የሆኑ ሁለት ዲስኮች ያሉት አነስተኛ ማከማቻ ገዝተው ልባቸው ያርፋል። ነገር ግን ከአንደኛው በስሕተት የተሰረዘ ፎቶግራፍ በዚያው ቅጽበት ከሁለተኛውም ይሰረዛል፤ ሌባ ወይም እሳትም ሁለቱን አይለይም።

ስለዚህ ቢያንስ አንድ ቅጂ በሌላ ቦታ፣ በዘመድ ቤት ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ሊኖር ይገባል። ዲስክ ከመለወጥ በፊትም ያ ቅጂ በእርግጥ የሚከፈት መሆኑን መፈተሽ ያስፈልጋል። የተበላሸ ዲስክ ከገበያ ይተካል፤ በውስጡ የነበረው የእናት ድምፅ ግን አይተካም።